በአራተኛው ቀን የሚከፈት

አዘኖር ከጉም ጋር የተጣላችው ያን ዕለት ጠዋት ነው። እስከዚያ ድረስ ጉም ለእሷ እንደ ቤተ ዘመድ ነበር፤ በግሌናን ደሴቶች መሀል ተኝቶ ያድራል፣ ዓሣ አጥማጆችን ሲያበሳጭ ያረፍዳል፣ ፀሐይ ጠንከር ስትል ሹልክ ብሎ ይሄዳል። ያን ዕለት ግን የምትወደውን ታንጊን አምጥቶ ከፊቷ ገተረላት።

ከአባቷ ከፋንሽ ጋር የሎብስተር ወጥመድ ሊያነሱ ወጥተው ነው። ሽማግሌው ሞተሩን አብርዶ ወጥመዱ ያለበትን የሚጠቁሙትን ተንሳፋፊዎች በዓይኑ ይፈልጋል። በወደባቸው በኮንካርኖ እያንዳንዱ አጥማጅ ተንሳፋፊውን የሚቀባበት የራሱ ቀለም አለው፤ የፋንሽ ቢጫ ሆኖ ጥቁር መስቀል አለበት። የሰው ተንሳፋፊ መንካት የሰው ሚስት ከመንካት እኩል ነው ይላል ፋንሽ፤ ከዚያ ትንሽ አሰብ ያደርግና «እንዲያውም ሚስት ትመለሳለች» ይላል።

«አባባ፣ ያ ምንድን ነው?»

ከጉሙ ውስጥ ረጅም ምሰሶ ብቅ አለ። ምሰሶው ላይ ነጭ ሸራ እንደ እርጥብ አንሶላ ተንጠልጥሏል። አዘኖር ሸራው ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ አላስፈለጋትም። ሸራውን የሰፋችው እሷ ናት፤ ሰው የገዛ እጁን ስፌት እንደ ልጁ ያውቀዋል።

ታንጊ በጀልባዋ ጅራት በኩል በሆዱ ተኝቶ በረጅም ሜንጦ ውሃውን ይወጋል። ፂሙ አድጓል፣ ከንፈሩ በጨው ተሰነጣጥቋል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ቀና ብሎ አያት።

«አዜ? አዜ ነሽ ወይስ እንቅልፍ ማጣቱ ነው የሚያሳየኝ?»

«እኔ ነኝ። ምን ሆነህ ነው?»

«ተንሳፋፊ ከሥር የጀልባዋ መሪ ላይ ተወሽቆብኛል። ገመዱ ከታች ወጥመድ ይዟል፤ እንደ መልህቅ ቸክሎ አቆመኝ። ሶአዚግ ከሃያ ደቂቃ በፊት እዚህ ጎኔ ስትፎካከረኝ ነበር፤ አሁን ጉሙ በላት።»

አዘኖር አንገቷን አስግጋ ወደ ውሃው አየች። ተንሳፋፊው ቢጫ ነበር። ጥቁር መስቀል ነበረበት።

ሁለቱ የተዋወቁት በጠብ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ታንጊ፣ የሰርዲን ዓሣ ፋብሪካው ባለቤት አንድያ ልጅ፣ በእናቱ ገንዘብ የተገዛች አዲስ የውድድር ጀልባ ይዞ ሸራ ሊያስለካ መጣ። አዘኖር ጀልባዋ ላይ ወጥታ ስትለካ እሱ ምሳውን ፈቶ «የጥንቸል ሥጋ ነው፤ ትቀምሻለሽ?» አላት። በብሪታኒ ጀልባ ላይ የዚያ የባለረጅም ጆሮ ስሙ አይጠራም፤ በድሮ ዘመን መርከብ ውስጥ ገመድ እየበላ ስንቱን አስምጧል። አዘኖር ምሳውን ከነሳህኑ አንስታ ባሕር ወረወረችው።

«ሳህኑ እኮ የአያቴ ነበር!» አለ ታንጊ።

«ታዲያ አያትህ ምነው ሳይመክሩህ ሞቱ?» አለችው።

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። የሚለካ ሸራ አልነበረውም።

እናቱ ማዳም ኬርቬለን ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም። ባለ ፋብሪካ አይጮህም፤ ይዋዋላል። «ዘንድሮ ካሸነፍክ ጀልባዋም ያንተ፣ ሚስትህም የመረጥካት» አለችው። «ካላሸነፍክ መስከረም ላይ ፓሪስ ያለው ቢሮ ይጠብቅሃል። ሸራ ሰፊዋንም ትረሳታለህ።»

ውድድሩ ከስፔን ጠረፍ ተነስቶ፣ አየርላንድ ያለውን መብራት ቤት ዞሮ፣ ኮንካርኖ የሚገባ የአራት ቀን መንገድ ነው። በአንድ ጀልባ አንድ ሰው። ከሌላ እጅ ጉንጭ ውሃ መቀበል እንኳ ክልክል ነው። ተወዳዳሪው ስንቁን በየቀኑ ቁጥር በተጻፈበት ከረጢት ያስራል፤ በየከረጢቱም የሚወደው ሰው ደብዳቤ ይሸጉጥለታል። አራተኛው ከረጢት ውስጥ ያለው የአዘኖር ነበር። ፖስታውን በሙጫ አላሸገችውም፤ ሰም በጠጣ የሸራ ክር ሦስት ጊዜ ሰፍታ ቋጠረችው። ከላዩ ላይ «በአራተኛው ቀን የሚከፈት» ብላ ጻፈች።

እነሆ፣ አራተኛው ቀን ይህ ነው።

የውሃው ፊት ሸብሸብ አለ። ነፋስ እየመጣ ነው።

«ልወርድ ነው» አለ ታንጊ፣ ቢላውን እየመዘዘ።

ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነው፤ ውሃው በረዶ ነው፤ ማዕበሉም ከደሴቶቹ መሀል ይጎትታል። ሰምጦ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ ብትል ማን ይከሳታል? አዘኖር ግን ሌላውን ሁሉ ብትዋሽ ራሷን አትዋሽም። የፈራችው ፓሪስን ነው።

«አባባ፣ አስጠጋ።»

«ለምን?»

«አስጠጋ አልኩህ!»

ፋንሽ አስጠጋ። አዘኖር የጀልባዋን ቢላ ይዛ ጎንበስ ብላ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ውሃው ውስጥ ከተተች።

«ልጄ፣ ገመዱ የእኔ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«አስራ ሁለት ወጥመድ ይዟል።»

«አውቃለሁ አልኩህ እኮ!»

በአንድ ምት ቆረጠችው። ተንሳፋፊው ተፈናጥሮ ጭኗ ላይ ወደቀ፤ ገመዱ እየተምዘገዘገ ወደ ጥልቁ ወረደ። ያ የሞተ ሸራ ትንፋሽ ወስዶ ሞላ።

ለአፍታ ዓይን ለዓይን ተያዩ። አራት ቀን ሙሉ የናፈቀችው ፊት ነው። አንድ ነገር እንዲላት ጠበቀች፤ ስሟን ቢጠራ እንኳ ይበቃት ነበር።

ታንጊ ግራ ቀኙን ገልመጥ አደረገና «ማንም አላየም» አለ። ጉሙም ዋጠው።

ሁለት ቃል ናት። እንደ ሸራ መርፌ ከጥፍሯ ሥር ገባች።

*

ታንጊ አንደኛ ገባ። ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ጉሙ ሲገለጥ ወደቡ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ጡሩምባው ይነፋል፣ የፖም ጠጅ ይቀዳል። ሶአዚግ የገባችው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ክረምቱን የሰው ጀልባ ሆድ ስትፈገፍግ የምታሳልፍ፣ አሮጌ መኪና ውስጥ የምታድር፣ ራሷን የተላጨች ሴት ናት። ገመዷን አስራ እንደወረደች ቀጥታ አዘኖር አንገት ላይ ተጠመጠመች።

«ስሚ እቴ፣ ያንቺ ሰውዬ ነፋስ ያሸታል እንዴ? ደሴቶቹ ጋ እንደ ሐውልት ቆሞ ጥዬው ነበር የሄድኩት! አራት ደቂቃ! ፀጉሬን ሳበጥር የማጠፋት ጊዜ ናት፤ ፀጉር ደግሞ የለኝም።»

«ብታሸንፊ ኖሮስ?» አለች አዘኖር።

«ለከርሞ ጀልባ የሚሰጠኝ ሰው ነበር፤ አንደኛ ከወጣሽ ብሎኝ። ተይው። አሁን የባልሽን ጀልባ ልፈገፍግላችሁ ነው፤ ዋጋ አልቀንስም ታዲያ!» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ዞር ብላ ሸራዋን ማጠፍ ጀመረች።

አዘኖር ገና ከቆመችበት ሳትነቃነቅ የሽቶ ሽታ መጣ። ማዳም ኬርቬለን ሁለት ጉንጯን ሳመቻት።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጄ።»

ልጄ! የአዘኖር እናት ካተል በዚህች ሴት ፋብሪካ ሃያ ሁለት ዓመት ሰርዲን ስትደረድር ኖራ ሞተች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማዳም አንድ ቀን በስሟ ጠርታት አታውቅም፤ «ሰባተኛው ጠረጴዛ» ነበር የምትላት። አሁን የካተል ልጅ በአራት ደቂቃ ብልጫ «ልጄ» ተባለች። አዘኖር ይህን ቃል ሁለት ዓመት ተመኝታዋለች። ሲመጣላት ግን ጉንጯን በእጅጌዋ መጥረግ አማራት።

*

ታንጊን ያገኘችው ከዳኞቹ ቢሮ ጀርባ፣ ግንቡ ሥር ነው። እጁ ላይ ወረቀት ይዟል። ይህን ወረቀት ውድድር የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፦ የውጭ እርዳታ አልተቀበልኩም፣ ሞተር አልነካሁም፣ በክብሬ አረጋግጣለሁ። ዘበኛ የለውም፣ ምስክር የለውም። ባሕር ላይ ዳኛህ አንተው ነህ ማለት ነው። ሳይፈረም ሰባት ሰዓት ካለፈ ውጤት የለም።

«ንገራቸው» አለችው።

«አዜ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ራሱ ቀርቦ የተናገረ ሰው የሚቀጣው ግማሽ ሰዓት ተጨምሮበት ብቻ ነው። ስምህ ይተርፋል።»

«ግማሽ ሰዓት ማለት ሰባተኛ ማለት ነው! ሰባተኛ ማለት ፓሪስ ማለት ነው! እናቴን አታውቂያትም?»

«አውቃታለሁ። አሁን ሳመችኝ።»

«ታዲያስ! ለማን ብዬ ነው? ለአንቺ እኮ ነው!»

«በእኔ ስም አትፈርም፣ ታንጊ። ሶአዚግ እዚያ ቆማ ሸራዋን እያጠፈች ታለቅሳለች።»

«ሶአዚግ ለከርሞ ታሸንፋለች፤ ጠንካራ ናት። እኛ ግን ሌላ ዓመት የለንም።» እጇን ያዘ። መዳፉ በገመድ ተላልጦ እሳት ይተፋል። «ደግሞስ ገመዱን የቆረጥሽው አንቺ አይደለሽም? እኔ ቁረጪልኝ አልኩሽ?»

ከግንቡ ማዶ ጡሩምባው ይጮኻል።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። «ለዚህ ነው ለመናገር አፍ ያለኝ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። የአራተኛውን ቀን ደብዳቤ አነበብከው?»

ታንጊ ዓይኑን ወደ ባሕሩ አሻገረ። «አነበብኩት እንጂ። እንዴት እንዳበረታኝ አታውቂም።»

አዘኖር እጇን ከእጁ አወጣች። ያን ደብዳቤ ያነበበ ሰው እንዲህ ሊናገር አይችልም ነበር። አንብቦት እንዲህ ካለ ደግሞ፣ ነገሩ ለእሷ ብሎ አይደለም፤ ለዋንጫው ነው። እሷ ዋንጫው ላይ የታሰረች ሪባን ናት።

ሄዳ ሄዳ ዞር ስትል አሁንም ባሕሩን እያየ ነበር። ደረቷ ውስጥ እንደ ክር ተወጥሮ የኖረ አንድ ነገር፣ ድምፅ ሳያሰማ፣ ተበጠሰ።

*

ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ፈረመ። አዘኖር በመስኮቱ አየችው። ብዕሩ አንዴም አልቆመም፤ ያናደዳትም ያ ነው። ለእሷ ሲል ትንሽ ቢያመነታ ምን ነበረበት?

ቢጫውን ተንሳፋፊ ብብቷ ሥር ሸጉጣ ገባች፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይህ የአባቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ግሌናን ላይ ከዚህ ሰው መሪ ሥር ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

የዳኞቹ ሊቀመንበር፣ ነጭ ፂም ያላቸው አዛውንት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«ሸራ ሰፊ።»

«ምን ማለትዎ እንደሆነ ያውቃሉ? ልጁ ፈርሟል። ሳይፈርም ቢናገር ግማሽ ሰዓት ነበር፤ አሁን የሐሰት ቃል ነው የሚሆነው።»

«ሳይፈርም ነግሬዋለሁ።»

«አንተስ?» አሉ ወደ ታንጊ ዞረው። «ምን ትላለህ?»

ታንጊ ተንሳፋፊውን አየ፤ እሷን አየ። ያ ዓይን ስንት ጊዜ በስፌት ቤቱ መስኮት አሻግሮ አይቷታል! አሁን የሚያያት ግን ሰው ተንሸራትቶ የወደቀበትን ደረጃ እንደሚያይ ነው።

«እውነቷን ነው» አለ።

ማዳም ኬርቬለን ከጥግ ተነሳች። «ይህች ልጅ በእኔ ፋብሪካ ዳቦ ነው ያደገችው! እናቷ ስንት ዓመት…»

«ሃያ ሁለት ዓመት፣ ማዳም። ሰባተኛው ጠረጴዛ። ስሟ ካተል ነበር፤ ከረሱት ብዬ ነው።»

በሩ ላይ ታንጊ ደረሰባት። ክንዷን ይዞ ሳይሆን እንደ እንግዳ ሰው ራቅ ብሎ ቆሞ ነው የጠየቃት።

«ለምን አዜ? ከእኔ ይልቅ እውነትሽን ወደድሽ?»

«አንተስ ከእኔ ይልቅ ማንን?» አለችው። ሳትዞር ወጣች።

ስሙ ከዝርዝሩ ተሰረዘ፤ ሁለት ዓመትም ከውድድር ታገደ። ድሉ ለሶአዚግ ሆነ። ሶአዚግ ዋንጫውን የተቀበለችው ወደቡ ባዶ ሆኖ፣ ጡሩምባ ነፊዎቹ ምሳ ሄደው ነው። አዘኖር ልታቅፋት ስትቀርብ በመዳፏ አቆመቻት።

«አንቺ ቆርጠሽ፣ አንቺው ተናግረሽ» አለቻት። «በምን እንዳሸነፍኩ አሁን እኔ ራሴ አላውቅም። በዚያች አራት ደቂቃ መሸነፌ ይሻለኝ ነበር፣ እቴ።»

እውነት ተናግሮ እፎይ ማለት አለ ይላሉ። አዘኖር ያን ቀን እስኪመሽ እፎይታውን ጠበቀችው።

*

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጀልባዋ ተሸጠች። ገዢው ሸራዎቹ ይፈተሹልኝ ስላለ ወደ ስፌት ቤቱ አመጡዋቸው። ፋንሽ በዚያው ሰሞን ባሕሩን በሜንጦ ሲፈልግ ከርሞ ከአስራ ሁለቱ ወጥመድ ሰባቱን አግኝቷል፤ ስለ ቀሩት አንድም ቀን አላነሳባትም። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

አዘኖር ትልቁን ሸራ ከከረጢቱ ጎትታ ስታወጣ ከሥሩ ሌላ ትንሽ ከረጢት ወለሉ ላይ ዱብ አለ። ቁጥር አራት። ቸኮሌቱ አለ። ራሷ የጋገረችው የቅቤ ኬክ ሻግቷል። ፖስታውም አለ።

ሦስቱም ስፌት አልተነካም።

ገለበጠችው። በጣቷ ዳሰሰችው። ቋጠሮው የእሷው ነው፤ ይህን ቋጠሮ ፈትቶ መልሶ የሚቋጥር ሰው በኮንካርኖ የለም። አላነበበውም! ዋሽቷታል፤ እሷም አምናዋለች። የፈረመው ሳያውቅ ነው።

ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ መቀስ አላስፈለጋትም። ስድስት ጊዜ ጽፋ፣ አምስቱን ቀዳ ጥላ ነው የላከችው።

«ታንጊ፣ ይህን ስታነብ የደሴቶቹ ጠረን ሊሸትህ ነው። እናትህ ያለችህን አውቃለሁ። ብታሸንፍ ደስ ይለኛል። ብትሸነፍ ግን ከመረብ ቤታችን በላይ ሁለት መስኮት ያለው ክፍል አለ፤ አባባን ጠይቄዋለሁ፣ ‹ማንኮራፋት ካላበዛ ይግባ› ብሏል። ፓሪስ ሂድ ካሉህም መርፌዬን ይዤ እከተልሃለሁ፤ እዚያም መጋረጃ የሚያሰፋ አይጠፋም። አንደኛም ግባ አስረኛ፣ እኔ የምጠብቀው አንተን ነው።»

«አዜ።»

በሩ ላይ ቆሟል። ፂሙን ተላጭቷል፤ ጥቁር ካፖርትና የከተማ ጫማ አድርጓል። ጫማው አዲስ ነው፤ ጭረት እንዳያወጣበት እንደሚፈራ ሰው የስፌት ቤቱን ጣውላ ቀስ ብሎ ይረግጣል።

«የአስራ አንድ ሰዓቱ ባቡር ነው» አለ። «ሳልሰናበት ብሄድ…» ዓይኑ እጇ ላይ አረፈ። ፊቱ ቀስ በቀስ እስከ ጆሮው ቀላ።

«ዋሸሁሽ» አለ። «ከተለቀቅኩ በኋላ እጄ ከመሪው አልተነሳም። ከገባሁ በኋላ ደግሞ ረሳሁት። አንቺ ስትጠይቂኝ ረሳሁት ማለት አፈርኩ። ይቅር በይኝ። በዚህ በዚህ እንኳ ይቅር በይኝ።»

ደጅ የባሕር ወፎች ይጣላሉ። አንድ እርምጃ ብቻ ነው መሀላቸው ያለው፤ ፖስታውን መዘርጋት ብቻ ነው። ይከፍተዋል። ያነብበዋል። ከዚያስ? ያን ቀን ግንቡ ሥር እሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ከአፏ ብታወጣ ሁሉም ነገር ይቀየር እንደነበር ያውቃል። በቃሏ ልትነግረው ስትችል በኩራቷ ለደብዳቤው እንደተወችውም ያውቃል። ዕድሜ ልኩን ያን ወረቀት ኪሱ ይዞ ሊዞር ነው። እሷም እንዲሁ።

«ምን ይል ነበር?» አለ ታንጊ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

ቀና ብላ አየችው፤ ሁለት ዓመት የወደደችውን ፊት፣ ግንባሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ጠባሳ፣ ጨው የሰነጠቀውና ገና ያልዳነው ከንፈሩን።

«ስለ ነፋስ ነበር» አለችው። «ደሴቶቹ ጋ በየት በኩል እንደሚመጣ። አሁን ጊዜው አልፎበታል።»

ታንጊ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «እሱንስ ባነበብኩ ኖሮ» አለ። ካፖርቱን ቆልፎ ሄደ። የአዲሱ ጫማ ድምፅ በድንጋዩ መንገድ ላይ እስኪጠፋ አዘኖር አልተነሳችም።

ከዚያ መርፌዋን አነሳች፤ ክሩን በሰም አሸች፤ ከሦስቱ ስፌት በላይ አራተኛውን ሰፋች። ቋጠሮውን በጥርሷ ስትስበው ነው፣ ክሩ ጨው ጨው እንዳላት የታወቃት።